ኦራል በግል ስም

ክረምት በገባ ቁጥር በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር መኪና የሚደርስበት ቀበሌ እያነሰ ይሄዳል። መረሬው አፈር ዝናብ ሲጠጣ ጎማ ይዞ አይለቅም፤ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ይመጣል። አይሱዙው ከደህናው መንገድ ዳር ይቀርና ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከተማ የተሸመተው ጨውና ስኳር ቀሪውን ጉዞ በአህያ ጀርባ ይጨርሳል። እንዲህ ባለ አገር ስድስቱም ጎማው የሚጎትት፣ ኦራል የሚባል የወታደር መኪና ጭቃውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ያየ ነጋዴ «ይህን አንድ ሰው በግሉ ቢይዘው ምን ነበረበት?» ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም።

ምኞቱ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከጦር ሠራዊት የተረፈ ከባድ መኪና ገዝቶ በግል ስም ማስመዝገብ ራሱን የቻለ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ሆኗል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚከብደው ከመኪናው ይልቅ በወረቀቱ ነው። መኪናው አንድ ቀን ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል፤ ሊብሬ የሚያስገኝ ሰነድ ይዞ መቅረቡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከባድ የጦር ዕቃ በጋይንት ምድር ማለፍ የጀመረው በሞተር ዘመን አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ጋይንትን አልፈው፣ የጂዳና የበሽሎ ወንዞችን ገደል ወርደውና ወጥተው። መድፉ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ዳገት ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጎትተው ነበር፤ ንጉሡም ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያበጁ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ኦራል ያለ ጭነት 80 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ከሴባስቶፖል ይበልጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ራሱን በራሱ መጎተቱ ነው።

በሞተር የሚሄድ የጦር ጭነት በብዛት የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ 1,700 ያህል መኪና አሰልፎ ነበር። ከዚያ ዘመን መኪኖች ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌ ሾፌሮች አፍ የሚነሣው ትሬንታ ኳትሮ፣ ማለትም ፊያት 634 ነው፤ ናፍጣ የሚጠጣ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚሸከም፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይዘል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መኪኖቹ አብረውት አልጠፉም። እንግሊዞች የወሰዱት ተወስዶ፣ የተረፈው እየተጠገነ በኢትዮጵያና በኤርትራ መንገዶች ለዓመታት ጭነት አመላልሷል። የጦር መኪና ወደ ሰላማዊ ሰው እጅ መግባቱ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም የሚባለውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ ያኔ ጥብቅ ምዝገባ አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጎርፍ በደርግ ዘመን መጣ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ዋና መሣሪያ አቅራቢ ስትሆን ኦራል፣ ዚልና ካማዝ በገፍ ገቡ። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ቡና እየተቀበለች ኢፋ የሚባለውን መኪና ላከች፤ ያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመኖች ቡና ቸግሯቸው፣ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና መኪና ቸግሯት ነበር። በዚህ ንግድ የመጣው ኢፋ ደብሊው 50 ለወታደርም ለእርሻም የሚሆን 50 ኩንታል ጫኝ ስለነበረ በጦር መኪናና በሲቪል መኪና መካከል ያለው ድንበር ያኔውኑ ደብዛዛ ነበር። በ1977ቱ ድርቅም ሶቪየት ኅብረት ከአንቶኖቭና ከሄሊኮፕተሮች ጋር 300 የጭነት መኪኖች ለእርዳታ ሥራ ልካለች። ጋይንትና ስማዳን የመሰሉ ድርቅ የሚደጋግማቸው ወረዳዎች ከባድ መኪናን የሚያውቁት በሁለቱም መልኩ ነው፤ አንድ ጊዜ ወታደር ጭኖ፣ አንድ ጊዜ ስንዴ ጭኖ።

ኦራል ምን ዓይነት መኪና ነው? በሩሲያ ሚያስ ከተማ የሚመረት ሲሆን በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አሮጌው ኦራል 375 እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተከተለው ኦራል 4320 ግን የካማዝ ናፍጣ ሞተር ተገጠመለት፤ ጉልበቱም 210 ሆነ። ርዝመቱ 7 ሜትር ከ40 ገደማ፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ50 ነው። ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የጎማዎቹን ነፋስ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፤ ጭቃ ላይ ጎማው ተለጥጦ መሬቱን እንዲይዝ፣ ጥርጊያው ላይ እንደገና እንዲጠጥር። ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውኃም ይሻገራል።

ቁምነገሩ ያለው ግን ነዳጁ ላይ ነው። የቤንዚኑ ኦራል በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል፤ ጋኑ 300 ሊትር የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። የናፍጣው ይሻላል፤ ቢሻልም ከአይሱዙ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ በአካባቢው ያለችው የነፋስ መውጫ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ከአርብ ገበያ ቆላ ወርዶ ወደ ጉና ተራራ ትከሻ ጭነት ይዞ የሚወጣ ሾፌር ይህን ከማንም መሐንዲስ በፊት በማርሹ ያውቀዋል።

አንድ የአርብ ገበያ ነጋዴ ይህን ሁሉ ሰምቶም ልቡ ካልተመለሰ፣ መኪናውን ከየት ያመጣል? ሦስት በር አለ እንበል።

የመጀመሪያው የመንግሥት ጨረታ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከአገልግሎት የወጣ ንብረታቸውን የሚያስወግዱት በግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው አዋጅ ቁጥር 649/2001 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተካ። ዋናው መንገድ በግልጽ ጨረታ መሸጥ ነው። ሆኖም የአገር ደኅንነትና መከላከያ በሚነካ ጊዜ የተለየ አሠራር እንዲኖር አዋጅ 649 ራሱ ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ መከላከያ ያረጀ መኪናውን ለሕዝብ ይሽጥ ወይስ አፍርሶ መለዋወጫ ያድርገው የሚለው የተቋሙ ውሳኔ ነው። ማንም ዜጋ «ይሸጥልኝ» ብሎ የሚጠይቅበት መብት የለውም።

ሁለተኛው በር ከውጭ ማስመጣት ነው። ይህ በር ስሙ ብቻ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪን ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጎ ነው የተቀረጸው። የተረፈ የጦር መኪና ደግሞ በተፈጥሮው አሮጌ ነው፤ ወታደር አዲስ መኪናውን አይሸጥም። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱም፣ ያኔ የጭነት መኪናን በቀጥታ ባይነካም፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያሳያል።

ሦስተኛው በር በር አይደለም፤ ወጥመድ ነው። ጦርነት ባለፈበት አገር መንገድ ዳር የቀረ የጦር መኪና አይታጣም። «ወድቆ ያገኘሁት ነው» ብሎ የሚሸጥም አይጠፋ ይሆናል። ጦር ሜዳ ላይ የተጣለ የመከላከያ መኪና ግን የመንግሥት ንብረት እንደሆነ ይቀራል። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ስም የሚዞርለት ሊብሬ አያገኝም፤ ሊያገኝ የሚችለው ክስ ነው።

መኪናው በሕጋዊ ጨረታ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይመጣል፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የባለቤትነት ማስረጃ፣ የቀረጥ ጉዳይ፣ ሁሉም ተያይዞ ይጠየቃል። ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ኦራሉ ወደ አገር የገባው ለመከላከያ ነው፤ ሲሠራበት የኖረውም በመከላከያ ሰሌዳ ነው። ነጋዴው ዲክላራሲዮን አምጣ ሲባል ከአርባ ዓመት በፊት የገባ የጦር ዕቃ ወረቀት ከየት ያወጣል? ስለዚህ የሻጩ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሽያጭ ማስረጃና ደብዳቤ የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ ነው። የቀረጡ ሒሳብ በማን እንደሚዘጋም ከጨረታው በፊት መታወቅ አለበት።

ሞተር የመቀየር ልማድም አለ። የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ መግጠም ለመካኒክ የታወቀ ሥራ ነው፤ ነዳጁን በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ግን አብሮ ካልተቀየረ በመጀመሪያው ፍተሻ መኪናው ይቆማል። ቀለሙም ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ካልገጠመ እንደዚያው ነው።

ከዚያ የቴክኒክ ምርመራው። የጦር መኪና ለሰላም ጊዜ መንገድ አልተሠራም፤ መብራቱ በጨለማ እንዳይታይ የተሸፈነ፣ የኋላ ማመላከቻው አንዱ ያለ አንዱ የሌለ፣ መስታወቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ይህን አሟልቶ ቦሎ መውሰድ፣ በአዋጅ 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን መግባት፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር መቅጠር ይከተላል። ባለቤቱ ራሱ በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ መሪውን ሊይዝ አይችልም። ለዓመታት በተለመደው የሰሌዳ አሠራር ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጫኝ ወደ ንግዱ ሰሌዳ ማዘንበሉ አይቀርም። «የግል» ሲባል በስም እንጂ በሰሌዳ አይደለም ማለት ነው። ከኋላ ያሉት የወታደር አግዳሚ ወንበሮችም ቢያጓጉ ገበያተኛ አይጫንባቸውም፤ በጭነት መኪና ሰው ማመላለስ ያስቀጣል።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ መልክ ይሄዳል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የተረፈ መኪናውን በኩባንያዎች በኩል በይፋ ያጫርታል፤ ገዢው መኪናውን በስሙ ለማስመዝገብ የሚያስችል የመንግሥት ቅጽ ይሰጠዋል። ሁለት ቶን ተኩል ስለሚጭን በዚያው መጠን የሚጠሩት ኤም 35 በዚህ መንገድ ለብዙ ገበሬና አዳኝ ደርሷል። እዚያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሀምቪ የሚባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር ሰነዱ ከመንገድ ውጪ ለመንዳት ብቻ ይል ነበር፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛት ሰሌዳ ይሰጣል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ከሁሉ የሚገርመው የፊሊፒንስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተዋቸው የሄዱትን ጂፖች የማኒላ ሰዎች ወገባቸውን አስረዝመው፣ ጣሪያ አልብሰው፣ በቀለም አሸብርቀው ታክሲ አደረጓቸው። ጂፕኒ የተወለደው እንዲህ ነው።

ታዲያ ለአርብ ገበያ ነጋዴ ያዋጣዋል? ለአንድ ሰው ትርፍ ብሎ ነገር ያለው አይመስልም። አሥር ወር አስፋልትና ጥርጊያ ላይ ነዳጅ ሲጠጣ ከርሞ በሁለት ወር ጭቃ የሚያካክስ መኪና ሒሳቡ አይዘጋም። ለማኅበር፣ ለመንገድ ሥራ ተቋራጭ ወይም በክረምት እህልና መድኃኒት ለሚያደርስ ድርጅት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ እነሱ የሚለኩት የትራንስፖርቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ያልደረሰ ማዳበሪያ ያስከተለው ኪሳራም ከሒሳቡ ይገባል። መለዋወጫ በኩል የናፍጣው ኦራል ዕድለኛ ነው፤ ሞተሩ ከካማዝ ጋር አንድ ስለሆነ ብዙው ዕቃ ይጋራል። ጎማው ግን መጠኑ የራሱ ነው፤ ስድስቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ካስፈለገ በዚያ ብር ሌላ ነገር ያምራል።

ጨረታ የወጣ እንደሆነ ሲፒኦ ከማሠራት በፊት መታየት ያለበት ሰነዱ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ተሽከርካሪ» ተብሎ ከነሻንሲ ቁጥሩ ተጽፏል ወይስ «ቁርጥራጭ ብረት» ተብሎ በኪሎ ነው የቀረበው? የመጀመሪያው ከሆነ መካኒክ ይዞ ሄዶ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ዝገቱን አስፍቆ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለተኛው ከሆነ ኦራሉ ከእንግዲህ መኪና አይደለም፤ ሞተሩና ዲፈረንሻሉ ተፈትተው መርካቶ ሶማሌ ተራ ሊወርዱ፣ ሻንሲው በብረት ማቅለጫ ሊያልፍ ነው የሚሸጠው፤ ምንም ያህል ሞተሩ ቢነሣ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አይኖርም።