«የረሃብ ጊዜ ምግብ» ተብለው የተናቁት የቆላ ተክሎች

በቆላማ ወረዳዎች ቁርቁራን፣ በደኖን፣ ሮቃን ወይም ዲማን የማያውቅ አርሶ አደር ማግኘት ያስቸግራል። ፍሬያቸውን አዘውትረው የሚበሉት ግን ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። አባወራ ወይም እማወራ ሲለቅሙ ከታዩ ቤታቸው እህል እንዳለቀበት ተደርጎ ይወራል። «የረሃብ ጊዜ ምግብ» የሚለው ስያሜ ተክሎቹን ከማዕድ አርቆ ለከሰልና ለአጥር ዳርጓቸዋል። በውስጣቸው ያለው ንጥረ ምግብ ሲታይ ግን ስያሜው የሚገባቸው አይደለም።

አሉማን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በአንዳንድ አካባቢ ሊሻሊሾ የሚባለው ይህ ተክል ዝናብ እንደጣለ በማሳና በጓሮ ይበቅላል፤ አርሶ አደሩም እንደ አረም ነቅሎ ይጥለዋል። አንድ መቶ ግራም ጥሬ የአሉማ ቅጠል 215 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም እና ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ብረት አለው። ከገበያ በገንዘብ የሚገዛው ጥቅል ጎመን በተመሳሳይ መጠን ሲለካ ካልሲየሙ 40 ሚሊ ግራም፣ ብረቱም ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ፍሬዎቹም እንዲሁ የሚናቁ አይደሉም። ሁመር በመባልም የሚታወቀው የሮቃ ሥጋ በመቶ ግራም 240 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል፤ በፖታሲየምና በማግኒዚየምም የበለጸገ ነው። በተከዜ ሸለቆና በመተማ ቆላ የሚገኘው ዲማ፣ ማለትም ባኦባብ፣ የፍሬው ዱቄት በመቶ ግራም አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ቪታሚን ሲ ይዟል። ብርቱካን ያለው 53 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህ ዱቄት ለምግብነት ወደ ገበያው እንዲገባ በ2008 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። የበደኖ ፍሬ አስኳል ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው።

ቪታሚን ሲ ለቆላው ቤተሰብ ሌላም ጥቅም አለው። ሰውነት በጤፍ፣ በማሽላና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ካለው ብረት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከምግቡ ጋር ቪታሚን ሲ ያለው ፍሬ ሲበላ ግን የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ ከእንጀራው ጋር የሚቀርብ ፍሬ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ትርጉም ያለው ጭማሪ ነው።

ተክሎቹ የሚደርሱበት ወቅትም ሊጤን ይገባዋል። አሉማና መሰሎቹ የሚለመልሙት ክረምት ሲገባ፣ ጎተራ በሚሳሳበት ጊዜ ነው። ቁርቁራ፣ በደኖና ሮቃ ደግሞ በበጋ ይበስላሉ። በንጹሕ ቦታ በሚገባ የደረቀ ፍሬ ለክረምቱ ሊቆይ ይችላል። በሌሎች ደረቅ የአፍሪካ አገሮች የቁርቁራ ፍሬ ደርቆ ይፈጫል፤ ከዱቄቱም ቂጣ ይጋገራል።

የዛፍ ቅጠል የዕለት ምግብ ሊሆን እንደሚችል ኮንሶ ጥሩ ማሳያ ናት። የኮንሶ አርሶ አደሮች ሽፈራውን በእርከናቸውና በግቢያቸው ተክለው ይንከባከባሉ። ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከእህል ዱቄት በሚሠራው ኩርኩፋም ውስጥ ጨምረው ይመገቡታል። ይህን የሚያደርጉት ችግር በገባ ዓመት ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ነው።

አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሉማ ቅጠል ካልሲየም እንዳይዋሃድ የሚያደርግ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው መቀቀልና የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ተገቢ ነው። የበደኖ አስኳል ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ እየተቀየረ ይቀቀላል። የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ከተረጨበት ማሳ ምንም ዓይነት ቅጠል መልቀም አይገባም። አካባቢው ለይቶ የማያውቀውን ተክል መሞከርም ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አሳሳቢው ዛፎቹ እየተመናመኑ መሆናቸው ነው። አንድ ቁርቁራ ለከሰል ሲቆረጥ ባለቤቱ የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ገቢ ነው። ቆሞ ቢቆይ ግን በየዓመቱ ለልጆች ፍሬ፣ ለፍየል ቅጠል፣ ለንብ አበባ ይሰጥ ነበር።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር የማስወገድ ግብ አለው። ሥራው በመጀመሪያ ትኩረት ያደረገው በተከዜ ተፋሰስ ሲሆን፣ ቁርቁራና ዲማ የሚበቅሉትም እዚያው ነው። በመሆኑም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የችግኝ ጣቢያ ዕቅድ ሲያወጡ ከባሕር ዛፍ ጎን ለእነዚህ ዛፎችም ድርሻ ሊይዙ ይገባል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በሆኑ ተፋሰሶችም የፍሬው ለቀማ በመተዳደሪያ ደንብ ቢፈቀድ ነዋሪው ለጥበቃው ምክንያት ያገኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የገንፎና የወጥ አሠራር ሲያሳዩ አሉማን ቢጨምሩበት እናቶች ያለ ሀፍረት ይጠቀሙበታል።

አርሶ አደሩም ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ነገር አለ። በአረም ወቅት አሉማውን ለይቶ ወደ ቤት ማስገባት፣ በማሳው ድንበር የበቀለውን የቁርቁራ ቡቃያም ሳይቆርጡ ከፍየል መጠበቅ ወጪ አይጠይቅም።