ተሳቢን መቀጠልና መፍታት

ተሳቢ፣ ማለትም የራሱ ሞተር የሌለውና በሌላ መኪና የሚጎተት የጭነት አካል፣ አደጋ የሚያደርሰው በጉዞ ላይ ብቻ ሳይሆን ሲቀጠልና ሲፈታም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት ቁልቁለቱ ከዳገቱ ባላነሰ እንዳስቸገረ ሁሉ፣ ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ወጣ ገባ ደጋም ተዳፋት ላይ ቆሞ የተፈታ ተሳቢ ፈጽሞ የሚታመን አይደለም። የብዙ አሮጌ ተሳቢዎች ፍሬን የሚይዘው በተጠራቀመ አየር ስለሆነ፣ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያመልጥ ይለቃል፤ ስለዚህ ረዳቱ የአየር ቱቦውን ከመንቀሉ በፊት በጎማዎቹ ሥር ታኮ፣ ማለትም ጎማን የሚያግድ ሽብልቅ፣ ማስገባት አለበት፤ ክብ ድንጋይ ስለሚንከባለል ይህን አይተካም። ሲቀጠልም ረዳቱ አሽከርካሪው በሚያየው ጎን ቆሞ ይምራ፤ መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬኑ እስኪያዝ ድረስ ግን በመኪናውና በተሳቢው መካከል ማንም አይግባ።