«ዲስክራይብ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

በየመሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝኛ በሚጻፈው ራፖር ውስጥ ከሚመላለሱት ግሶች አንዱ «ዲስክራይብ» ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጓሜው ጽፎ ማስፈር ነበር። እኛ «ገለጸ» ብለን እንተረጕመዋለን፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የእኛ «ገለጸ» እጅግ ሰፊ ነውና።

ሹሙ «ጐርፍ መድረሱን ገለጸ» ስንል ተናገረ ማለታችን ነው፤ «ምክንያቱን ገለጸ» ስንል አስረዳ ማለታችን ነው፤ «መልኩን ገለጸ» ስንል ግን ላላየው ሰው በቃል ሣለለት ማለታችን ነው። «ዲስክራይብ» የሚስማማው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ለፊተኛው «ስቴት»፥ ለሁለተኛው «ኤክስፕሌይን» የሚባሉ ሌሎች ግሶች አሉ።

እኛ «ስለ ፎገራ ሜዳ ገለጸ» ማለት ስለ ለመድን፥ በእንግሊዝኛም «ዲስክራይብ» ካልን በኋላ «አባውት» እንጨምራለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ግሱ የሚገለጸውን ነገር ያለ አማላጅ ይቀበላልና።

አንድ ጸሐፊ ከወረታ ሆኖ የፎገራን ሜዳ «ዲስክራይብ» አድርግ ቢባልና «ፎገራ ለም ነው» ብሎ ቢያቆም፥ አስተያየቱን ሰጠ እንጂ አልገለጸም። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ መዘርጋቱን፥ ርብና ጕማራ አቋርጠውት ወደ ሐይቁ መግባታቸውን፥ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት የሩዝ ማሳ መሆኑን፥ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት በዚያ መሰማራቱን ቢጽፍ ግን አዲስ አበባ የተቀመጠው አንባቢ ሜዳውን ያየዋል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቍልቍለት ስለሚያጣ ይተኛል ብሎ ቢጨምር ያ «ኤክስፕሌይን» ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ከዳርቻቸው ወጥተው የፎገራን መንደሮች አጥለቅልቀዋል። እንዲህ ባለ ቀን ከወረዳ የሚላከው ጽሑፍ «ከባድ ጐርፍ» ብቻ ቢል፥ ተቀባዩ ጀልባ ይላክ ወይስ እህል፥ ድንኳን ይቅደም ወይስ የከብት መኖ፥ በምን ይወስናል? ውሃው እስከ ጕልበት ነው ወይስ እስከ ጣራ? ሕዝቡ ከፍታ ላይ ወጥቷል ወይስ በየቤቱ ተከቧል?

«ዲስክራይብ» «አዝ» የሚለውን ቃል ሲያስከትል ደግሞ ስያሜ ይሆናል፤ ጐርፉን «አዝ» ከባድ ቢል፥ ከባድ ብሎ ጠራው ማለት ነውና ልኩ ለብቻው መጻፍ አለበት። ከዚሁ ግስ የወጣው «ኢንዲስክራይበብል»፥ ማለት ሊገለጽ የማይቻል የሚለው ቃል፥ ለባለቅኔ ይመቸው ይሆናል፤ ከራፖር ውስጥ ግን ቢወጣ ይሻላል።