«ተስማምቻለሁ» ከተጫነ በኋላ፦ በግብርና መተግበሪያ ውሎች ላይ ተረትና እውነታ

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ለገበሬው በነፃ ምክር ይሰጣል። ገበሬው ይደውላል፣ ያዳምጣል፣ ስልኩን ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት እንደ «ለእርሻ» ያሉ ዲጂታል መድረኮች ግን ከምክር አልፈው ግብዓትን፣ የትራክተር ኪራይን፣ የአየር ትንበያንና ብድርን በአንድ ላይ ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ገበሬው ሰሚ ብቻ አይደለም፣ ተዋዋይም ነው። በየገጠሩ የሚሰማው ወሬ ደግሞ ከውሉ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ገበሬው ከመድረኩ ውሉ ከሚሰጠው በላይ ይጠብቃል፤ ከሕጉ ግን የሚገባውን ያህል አይጠይቅም።

ተረት፦ «ወረቀት ላይ አልፈረምኩም፤ ስለዚህ ውል የለብኝም።»

አለብዎት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ሕጉ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ተዋዋዮች በፈለጉት መልክ መዋዋል እንደሚችሉ ይደነግጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ያደርጋል። ማዳበሪያ በዱቤ አዝዞ «እኔ ምንም አልፈረምኩም» ማለት አያዋጣም።

ተረት፦ «አንዴ ከተጫነ አለቀ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።»

ይህኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ ሰው መብቱን ሳይሞክረው እንዲተወው ያደርጋልና። ምዝገባው በተግባር እንዴት እንደሚካሄድ ይታወቃል። ወጣቱ ወኪል ወደ ቀበሌው ይመጣል። «አባባ፣ ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልጨርስልዎ» ይላል፤ ስም፣ የመሬት ስፋት፣ የሰብል ዓይነት ይሞላል፤ ረጅሙን ጽሑፍ በጣቱ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ራሱ ይጫናል። ገበሬው ምን እንደተስማማ አልሰማም። ወኪሉ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ጊዜው አጭር፣ የሚመዘገበው ሰው ብዙ ሆኖበት ይሆናል። ሕጉ ግን ስምምነቱን የሚፈልገው ከገበሬው እንጂ ከወኪሉ ጣት አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የንግድ ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት አውቋቸው ሲቀበል፣ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን የደነገጋቸው ወይም ያጸደቃቸው ሲሆኑ እንደሆነ ይናገራል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያኖረው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ቁጥር 1728 ያዝዛል። ቁጥር 1710 ደግሞ የተዋዋዩን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት ወይም ግልጽ የንግድ ልምድ ማነስ ተጠቅሞ የተገኘ ፈቃድ፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ያስቀምጣል። የውሉ ቃሎች ለአንዱ ወገን ከሌላው እጅግ የበለጠ ስለጠቀሙ ብቻ ግን ውል አይፈርስም፤ ያው ቁጥር ይህንንም ይላል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ከስልኩ በፊት የተጻፉ ናቸው፤ ስልኩ ግን አልሻራቸውም። መድረኮቹም ውሉን በገበሬው ቋንቋ በድምፅ ማሰማት ይችላሉ። 8028 ምክሩን በድምፅና በበርካታ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲያደርስ ኖሯል፣ ውልም በዚያው መንገድ ሊነገር ይችላል። ይህን የማያደርግ ድርጅት ሰበብ ያለው አይመስለኝም።

ተረት፦ «ዘሩ ባይበቅል መተግበሪያው ይከፍለኛል።»

አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ያሉት ውሎች ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ ከመድረኩ ጋር፣ ሌላው ከዘር ወይም ከማዳበሪያ ሻጩ ጋር፣ ብድር ካለ ደግሞ ከአበዳሪው ጋር ነው። መድረኩ ራሱን እንደ አገናኝ ብቻ ካስቀመጠ፣ ስለ ዘሩ ጥራት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሻጩ ነው። ለዚህ ነው ደረሰኙ፣ በከረጢቱ ላይ ያለው የሻጭ ስምና የምርት መለያ ቁጥር፣ የማዘዣው መልእክት እስከ አጨዳ ድረስ መጠበቅ ያለባቸው። ከረጢቱ ለጤፍ መያዣ ሆኖ ጽሑፉ ከጠፋ ክርክሩም አብሮ ይጠፋል።

በትራክተር ኪራይ ላይ የሚጠየቀው ደግሞ ቀኑ ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲረጥብ ሊደርስ የተባለ ትራክተር ከሳምንት በኋላ ቢመጣ የዘር ጊዜ ያልፋል። ውሉ መዘግየትን ካልጠቀሰ፣ ቅድሚያ ክፍያው መቼ እንደሚመለስ ካልተናገረ፣ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መልእክት መጠየቅና መልሱን ማስቀመጥ ይበጃል። ብድር ላይም እንዲሁ ነው፤ የመመለሻው ቀን እህል ገበያውን ባጥለቀለቀበት ወቅት ላይ ከወደቀ ገበሬው ምርቱን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል።

ተረት፦ «ኢንሹራንስ ስለገዛሁ ማሳዬ ቢጠፋ ካሳ አገኛለሁ።»

በአየር ጠቋሚ ላይ የተመሠረተው ኢንሹራንስ ማሳውን አያይም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲሃ በተባለች መንደር ለጤፍ አምራቾች ሲሞከር ክፍያው የሚወሰነው በሳተላይት በሚለካ ዝናብ ነበር። የአካባቢው ዝናብ በቂ ነው ተብሎ ከተለካ፣ የአንድ ገበሬ ሰብል በተባይ ወይም በበረዶ ቢወድም ክፍያ የለም። በተቃራኒው ልኬቱ ከመስመር በታች ከወረደ ማሳው ባይጎዳም ይከፈላል። ሻጩ ይህን ሳይናገር ከሸጠ፣ በመጀመሪያው ክፉ ዓመት የሚጠፋው ሰብሉ ብቻ አይደለም፣ ገበሬው በኢንሹራንስ ላይ ያለው እምነትም ነው። የመተግበሪያው የዝናብ ትንበያ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፣ ምክር ብቻ።

ተረት፦ «የኔ መረጃ ለማን ይጠቅማል?»

የማሳው ቦታና ስፋት፣ ያለፈው ዓመት ምርት፣ ብድር የተመለሰበት ቀን ተደማምረው ገበሬው ነገ ብድር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ሊወስኑ ይችላሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ ግልጽና ለታወቀ ዓላማ እንዲሆን ይጠይቃል፣ የተሰጠ ፈቃድም ሊነሳ ይችላል። ገበሬው የተያዘበትን መረጃ ማየትና ስሕተቱን ማስተካከል መብቱ ነው፤ ሁለት ሔክታር የተባለው ማሳ አንድ ከሆነ ማስተካከያውን ከብድሩ በፊት መጠየቅ አለበት። አዋጁን የማስከበር ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ አቤቱታም የሚቀርበው ለእርሱ ነው።