በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ሁለት ሥርዓት ስለ ማኖር

ኮምፒዩተር ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግዑዝ ዕቃ ነው። ቁልፉን ቢነኩት አይሰማም፤ ስክሪኑም አንዳች አይናገርም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት በሰውና በማሽኑ መካከል ቆሞ ትእዛዝን የሚያደርስ፣ የማሽኑንም ጉልበትና ጊዜ ለየፕሮግራሙ የሚያካፍል ዋና ፕሮግራም ነው። በትምህርት ቤት የምናውቀው ዊንዶውስ፣ በስልኮቻችን ላይ ያለው አንድሮይድ፣ እንዲሁም ሊኑክስ የሚባለው ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ «ሥርዓት» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ብዙ ሰው ለአንድ ማሽን አንድ ሥርዓት ብቻ የተፈቀደ ይመስለዋል። ስለዚህ አዲስ ሥርዓት ሲፈልግ የቀድሞውን አጥፍቶ ይጭናል፤ ከርሱም ጋር የተጻፈው፣ የተሣለው፣ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ሁለት ሥርዓት በአንድ ማሽን ላይ ሳይጣሉ ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ኤክስኦ በምትባለው ትንሽ ላፕቶፕ ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ኤክስኦ ታሪክ ያላት ማሽን ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ለድኻ አገር ሕፃናት የሚሆን የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንሠራለን ብለው ለዓለም አስታወቁ። የድርጅታቸውም ስም ትርጓሜ «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚል ነው። ማሽኑ በ2007 መጨረሻ በብዛት መሠራት ሲጀምር ዋጋው በታሰበው አልተገኘም፤ ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። በ2008 ወደ አገራችን 5,000 ያህል መጥተው ለአንዳንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታደሉ። ለኢትዮጵያም ተብሎ ፊደላችን የታተመበት የቁልፍ ሰሌዳ ተዘጋጅቶላት ነበር።

አካሏ አረንጓዴና ነጭ ነው፤ ክብደቷም ለሕፃን ትከሻ አይከብድም። ስክሪኗ በጠራራ ፀሐይ እንኳ በጥቁርና ነጭ ይነበባል። ኤሌክትሪክ ስትቀበልም ከ11 እስከ 18 ቮልት ያለውን ስለምትችል፣ መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት የፀሐይ ባትሪ ትሞላለች። ይህ እንደ መሐል ሜዳ ላለ ከተማ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ጉልበቷ ግን አነስተኛ ነው፤ አንጎሏ 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሟ 256 ሜጋባይት፣ ዕቃ ማስቀመጫ ፍላሿ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ በራም ብቻ ከርሷ 16 እጥፍ ይበልጣል።

እኔ ዘንድ ያለችውን አጎቴ ከአዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቶ የላካት ናት። በውስጧ ያለው የመጀመሪያ ሥርዓት ሊኑክስ ሲሆን፣ ሹገር የተባለ ለሕፃናት የተዘጋጀ ገጽታ አለው። በሹገር ፋይል መፈለግ የለም፤ ሕፃኑ የሠራው ሁሉ «መዝገብ» በሚመስል አንድ ቦታ በየቀኑ ተራ ይሰፍራል። አራተኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እኅቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የሣለችውና የጻፈችው በዚያ ውስጥ ነው።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ይህ አሠራር እየሰፋ በሄደ ቁጥር፣ መልሱን እያወቀ በማውዝና በመስኮት ምክንያት ጊዜው የሚያልቅበት የገጠር ተማሪ እንዳይኖር ያሠጋል። ስለዚህ መስኮት፣ ሜኑና ፎልደር ያለበትን የተለመደ ገጽታ ቤቴ ሆኜ መለማመድ ፈለግሁ። አንዳንዶች «አሮጌውን አጥፍተህ አዲሱን ጫን» ብለው መከሩኝ። ለእኔ ጥቅም የእኅቴ ሥራ ይጥፋ ማለት ግን ተገቢ አልመሰለኝም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ሁለት ገጽታ ማለት ሁለት ሥርዓት ማለት አይደለም። በኋላ ለኤክስኦ የወጡት ዕትሞች ከሹገር ጋር ግኖም የተባለ የተለመደ ገጽታ ይዘው ነበር፤ ሥራቸው ግን በአንድ ሥርዓት ላይ ነው። ሁለት ሥርዓት የሚባለው እያንዳንዱ የራሱ ከርነል፣ የራሱ ፋይልና የራሱ ደንብ ሲኖረው ነው። ማይክሮሶፍትም በ2008 ዊንዶውስ ኤክስፒን ለዚህችው ማሽን ባዘጋጀ ጊዜ፣ በውስጧ ያለው ፍላሽ ስላልበቃው በሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲያድር አድርጎታል።

ነገሩ ከራሳችን አገር ልማድ ጋር ይመሳሰላል። የጓሳን ሣር አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ወሰን ለይተው ተካፈሉት እየተባለ በመንዝ ይተረካል። የወረዳችንም ስም መንዝ ጌራ ምድር ነው። ሜዳው አንድ ሲሆን ወሰኑ ስለታወቀ የሁለቱም ወገን ሰዎች ሣሩን በየድርሻቸው ይጠብቁ ነበር። ለሁለት ሥርዓትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ይኸውም የታወቀ ወሰን፣ ከዚያም ተራውን የሚያስከብር ዳኛ። በኤክስኦ ወሰኑ ግልጽ ነው፤ ሹገር በውስጥ ፍላሿ፣ አዲሱ በሚሞሪ ካርድ ላይ ይኖራል።

ዳኛው ፈርምዌር የሚባለው ነው። ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃ፣ በራሱ ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። በኤክስኦ ስሙ ኦፕን ፈርምዌር ይባላል። ሲነቃ በመጀመሪያ በዩኤስቢ የተሰካውን፣ ቀጥሎ ሚሞሪ ካርዱን፣ በመጨረሻም የውስጡን ፍላሽ ይመረምራል። በየደረሰበት «ቡት» የሚባል ፎልደር ውስጥ በፎርዝ ቋንቋ የተጻፈች አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ይፈልጋል። ያገኘ እንደሆነ በዚያችው መሠረት ከርነሉን ያስነሣል፤ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንግዲህ ካርዱ ካለ አዲሱ ሥርዓት፣ ካርዱ ከሌለ የቀድሞው ይነሣል ማለት ነው።

ሥራው በአራት ደረጃ ይፈጸማል።

አንደኛ፤ ያለውን ማዳን። በሹገር መዝገብ ውስጥ ያለውን ሥራ ፍላሽ ዲስክ ሰክቶ መገልበጥ ነው። አዲሱ ሥርዓት በካርድ ላይ ቢሆንም፣ ንብረትን ሳያሸሹ ቤት መጠገን የብልኅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፤ መቆለፏን መመርመር። ብዙዎቹ ኤክስኦዎች ከስርቆት እንዲጠበቁ ሲባል ያልታወቀ ሥርዓት እንዳይነሣባቸው ተቆልፈው ይወጡ ነበር። ማሽኗ ስትነሣ «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ትእዛዝ የሚጠብቅ መስመር ከታየ ክፍት ናት፤ ካልታየ ግን በራሷ መለያ ቁጥር የሚዘጋጅ የፈቃድ ፋይል ያሻታል። የእኔዋ ክፍት ነበረች።

ሦስተኛ፤ ካርዱን ማዘጋጀት። እኔ የመረጥሁት ደብኤክስኦ የተባለውን ነው። ይህ ዴቢያን ከሚባለው ሊኑክስ ለዚህችው ማሽን ተብሎ የተሰናዳ ዕትም ስለሆነ፣ ከርነሉ ስክሪኗንና ቁልፎቿን ያውቃል፤ የትእዛዝ ጽሑፏም አብራው አለች። የዕትሙን ምስል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ በካርዱ ላይ መጻፍ ነው። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በካርዱ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና። በካርዱ ስም ፈንታ የኮምፒዩተሩን ዲስክ ስም የጻፈ ሰውም የዚያን ኮምፒዩተር ንብረት በሙሉ ያጠፋል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የካርዱን መጠን አይቶ ስሙን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ግድ ነው።

አራተኛ፤ ማስነሣትና ማሰናዳት። ማሽኗ ጠፍታ ሳለች ካርዱን ከስክሪኑ በታች ባለው ቀዳዳ ማስገባት፣ ከዚያም ማብራት ነው። ሥርዓቱ ከተነሣ በኋላ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያለው ፎንት መጨመር ያስፈልጋል፤ አለዚያ አማርኛው በባዶ ሳጥን ተተክቶ ይታያል። ለመጻፊያም አቢወርድን የመሰለ ቀላል ፕሮግራም ይበቃል።

አሁን እኅቴ ካርዱን አውጥታ ስታበራ የምታውቀው መዝገቧ እንዳለ ይጠብቃታል፤ እኔም ካርዱን ስመልስ መስኮትና ሜኑ አገኛለሁ። ማሽኗ ሳትጠፋ ካርዱ እንዳይነቀል ግን በቤታችን ደንብ ወጥቷል።

ጉድለቱን ሳልገልጽ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ከካርድ የሚነሣ ሥርዓት ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ በ256 ሜጋባይት ራምም አንድ ፕሮግራም ሳይዘጉ ሌላ መክፈት ያስቸግራል። ደብኤክስኦ የቆመበት ዴቢያን 5 በ2009 የወጣ፣ የጥገና ዘመኑም በ2012 ያበቃ በመሆኑ ለኢንተርኔት አይታመንም፤ ለጽሕፈትና ለልምምድ ነው። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ደግሞ የዚህችን ማሽን ዓይነት አንጎል መደገፍ አቁሟል።

በትልልቅ ኮምፒዩተሮችም ዘዴው ያው ነው፤ የሚለየው ወሰኑ በአንዱ ዲስክ ውስጥ መለየቱ፣ ሲበራም «የትኛው ይነሣ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም መኖሩ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ሲኖሩ አንዳንድ ጊዜ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይዛነፋል። ምክንያቱም ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት እንደ ግሪንዊች ሲቆጥረው፣ ዊንዶውስ እንደ አገር ሰዓት ይወስደዋል፤ የአገራችን ሰዓት ደግሞ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። አንዱን እንደ ሌላው እንዲቆጥር ማድረግ መፍትሔው ነው።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፤ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ «አርጅቷል» ተብሎ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ኮምፒዩተር አለ። አዲስ እስኪገዛልን ከምንጠብቅ፣ ያለውን መርምረን የፊተኛውን ሳናጠፋ ለሌላ ሥራ ብናበቃው ሁለት ሰው ይጠቀማል። ወላጆችና መምህራንም ማሽኑን ለመፍታት የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥማቸው፣ «ታበላሸዋለህ» ከማለት አስቀድመው «ያለውን ገልብጠሃል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት ትልቅ ትምህርት ይሆነዋል።