ከድሪቶ እስከ ሳዱ፦ አጠገብ ተቀምጦ የሚቀሰም ሙያ

በኩዌት ከተማ በባሕረ ሰላጤው ጎዳና፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ «በይት አስ-ሳዱ» ወይም የሳዱ ቤት የሚባል ቤት ይገኛል። ከሩማይሲያ ወደ ከተማዋ መሀል ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ረጅም አይደለም። የሳዱ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመሠረት ዓላማው የበደዊን ሴቶች የሽመና ጥበብ ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ እንዳይቀበር ማድረግ ነበር፤ በ1991 ደግሞ ሥራው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጀ። በቤቱ ዙሪያ የሚሰባሰቡት ግን ሸማኔዎች ብቻ አይደሉም። የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ወዳዶች፣ ጥልፍ የሚጠልፉና ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የአልጋ ልብስ የሚሰፉ የልዩ ልዩ አገር ሴቶች የእጃቸውን ሥራ ይዘው እየመጡ እርስ በርስ ይተያዩበታል።

የእንዲህ ያለው ስብሰባ ሥርዐት ቀላል ነው። ያለቀውም ያላለቀውም ሥራ ይዘረጋል። ዐይነ ጥሩ ባለሙያ ግን የጨርቁን ፊት አይታ ዝም አትልም፤ ገልብጣ ጀርባውን ትመለከታለች። የስፌቱ እኩልነት፣ የክሩ አጨራረስ፣ የሠሪዋ ትዕግሥት የሚታወቀው በዚያ በኩል ነውና። አንዷ ቀለም ማስማማት ቢያስቸግራት ሌላዋ ታሳያታለች፤ ያንዷ ትርፍራፊ ለሌላዋ ጅማሬ ይሆናል።

አማርኛ ለተጣጣፈ ልብስ «ድሪቶ» የሚል ስም አለው። ስሙ ድህነትን እንጂ ጥበብን አያስታውስም፤ ድሪቶ ለባሽ መባልም ሙገሳ አይደለም። ይህ ለሙያው የሚገባ ፍርድ አይመስልም። ውፍረቱና ዕድሜው የተለያየ ጨርቅ ሳይሸበሸብ አንድ ገላ እንዲሆን ማድረግ ያልለመደው እጅ የሚችለው ነገር አይደለም። የተከበረው ጋቢም ቢሆን ከሸማኔው እጅ የሚወጣው በጠባቡ ተሸምኖ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሰፋ ነው ሰው የሚያለብሰው።

የበደዊን ድንኳንም እንዲሁ ነው። ሳዱ የሚሠራው መሬት ላይ አግድም በሚዘረጋ ድር ነው። ሸማኔዋ ቁጭ ብላ፣ ማጉን በሚዳቋ ቀንድ እየጠቀጠቀች፣ ረጅምና ጠባብ ጨርቅ ታወጣለች፤ እነዚህ ጠባብ ጨርቆች ተሰፍተው ነው ድንኳን የሚሆኑት። ጥሬ ዕቃው የበግ ሱፍ፣ የፍየል ጸጉርና የግመል ጸጉር ነው። ድሩ ስለሚጎላና ማጉ ከሥር ስለሚሸፈን ንድፉ ሁሉ የሚነገረው በድሩ ነው። ከንድፎቹ ሁሉ የከበረው «ሸጀራ»፣ ማለትም ዛፍ፣ የሚባለው ነው። በዚህ ንድፍ ውስጥ ሸማኔዋ በዙሪያዋ ያየችውን ግመልና ማበጠሪያን የመሳሰሉ ምስሎች ታሰፍራለች። ወረቀት ላይ የተነደፈ ምሳሌ የላትም፤ የእያንዳንዱን ክር ቁጥር የያዘችው በልቧ ነው።

ቁርኣንን ለሚያነብ ሰው ይህ ሙያ እንግዳ አይደለም። በሱረቱ አን-ነሕል የእንስሳት ሱፍና ጸጉር ለቤት ዕቃ መዋሉ ከአላህ ጸጋዎች ጋር ተቆጥሯል። በዚያው ሱራ፣ ጥቂት አንቀጾች ወረድ ብሎ፣ አጥብቃ የፈተለችውን መልሳ ስለበታተነችው ሴት ተነግሯል። የፈተለ ሰው የምሳሌውን ክብደት ያውቀዋል።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች በሳዱ ቤት የሚያስተውለው አንድ ልዩነት አለ። በመንዝ የበግ ሱፍ ባና ሲሠራ፣ በሌላውም አካባቢ ጥጡ ጋቢ ሲሆን፣ በልማዱ የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ ነው። በሳዱ ግን ከመፍተል ጀምሮ ቀለም እስከ መንከርና እስከ መሸመን ሥራው በሴት እጅ ነው። እንዝርቱ ግን እንዝርት ነው፤ በወሎ እናቷ ስትፈትል እያየች ያደገች ሴት የበደዊኗን «መግዘል» ለመለየት አስተርጓሚ አያሻትም።

ወደ ሐረርም ማየት ይገባል። የሐረሪ ሴቶች የስንደዶ ሥራቸውን የተማሩት ብቻቸውን አይደለም። ልጃገረዶች በአንዲት የታወቀች ባለሙያ ሥር ተሰብስበው፣ ጨዋታ እየተጨዋወቱ፣ አንዷ የሌላዋን እያየች ይሰፉ ነበር። ከዚያ የወጣው ሥራ በጌይ ጋር፣ ማለትም በሐረሪ ቤት፣ ግድግዳ ላይ በየተራው ተደርድሮ ይታያል፤ ክዳኑ የሾለው አፍላላ በሠርግ ጊዜ ይፈለጋል። ቅርጫቱ ዕቃ ቢሆንም የሠሪዋን ሙያ ለሚገባ ለሚወጣው የሚናገር ምስክር ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችን ሳዱ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች ጋር መዘገበው። በ2020 ደግሞ የሳዑዲ ዐረቢያና የኩዌት ሳዱ በሰው ልጅ ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። የመዝገቡ ክብር ትልቅ ቢሆንም መዝገብ አይፈትልም። የሙያው ዋነኛ ባለቤቶች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። የፋብሪካ ጨርቅ የሳዱን መልክ አስመስሎ በርካሽ ያወጣዋል፤ ክሩ ምን ያህል መጠምዘዝ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጣት ነው። ጣትን የሚያስተምረው ደግሞ አጠገብ መቀመጥ ነው።

በሩማይሲያና በአጎራባች ሰፈሮች ቤት ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል መፍተል፣ መጥለፍ፣ ስንደዶ መስፋት በልጅነታቸው የለመዱ አሉ። የምግብ ሙያቸው ይጠየቃል፤ ይህን ሙያቸውን የሚጠይቃቸው ግን እምብዛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 ለሠራተኛዋ በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ያ ቀን ለእንቅልፍም፣ ለቤተሰብ ስልክም፣ ለገበያም ይሻማል። ቢሆንም ሁለት ሦስት እኅቶች ተቀምጠው ክርና መርፌ ቢያወጡ፣ አንዷ የወሎን ፈትል፣ ሌላዋ የሐረርን አሰፋፍ ብታሳይ፣ የሚያስፈልጋቸው ትንሽ ቦታና ጥቂት ሰዓት ነው። ስንደዶው ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣል፤ ክሩም በኩዌት ሱቅ አይጠፋም።