ዘይትን በቅመም ስለሚያጣፍጠው የቤት መሣሪያ

በዛሬው ንግግራችን ዘይትን ከቅመማ ቅመም ጋር ስለሚያዋሕደው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጥቂት እንገልጽላችኋለን።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ዘይቱና ቅጠሉ በአንድነት ይጨመሩበታል፤ መሣሪያውም መጠኑን በጠበቀ ለስላሳ ሙቀት ለጥቂት ሰዓት ያቆያቸዋል። የቅመም መዓዛ ከውሃ ይልቅ በቅባት ስለሚሟሟ ጣዕሙ ወደ ዘይቱ ይገባል። እናቶቻችን በኮሰረት፣ በበሶብላና በኮረሪማ ቅቤ ሲያነጥሩ የኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ቅቤ አንጣሪዋ የምትፈጽመውን ሁሉ መሣሪያው ላይፈጽም ይችላል። እርስዋ ቅቤው መንጣጣቱን እስኪተው ድረስ ውሃውን አትንና ታጠልለዋለች። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል በዘይት ውስጥ ሲቀር ግን አየር ስለማያገኘው፣ ቦቱሊዝም የተባለውን ብርቱ የመመረዝ በሽታ የሚያመጣው ረቂቅ ተሐዋሲ ሊራባበት ይችላል። የዚህ ተሐዋሲ ዘር በ100 ዲግሪ ፍላት እንኳ አይጠፋም፤ መርዙም በመዓዛ ሆነ በጣዕም አይታወቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ በዘይት የቆየ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን መርዞ ነበር።

ስለዚህ ጨርሶ የደረቀ ቅመም ተጠቀሙ፤ ዘይቱንም አጥልላችሁ በማቀዝቀዣ አኑሩ። እርጥብ ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ግን ለዕለቱ ብቻ አዘጋጁ። መሣሪያው ድካምን ይቀንሳል እንጂ የባለቤቱን ጥንቃቄ አይተካም።